ማሌ፦ መሬቷንም ውኃዋንም በማሽን የምትሠራ ከተማ

የደሴቶች አገር የማልዲቭስ ዋና ከተማ የሆነችው የማሌ የድሮ ጉድጓዶች ጥልቅ አልነበሩም። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከተቆፈረ ውኃው ይገኛል። ሰዉ የሚቀዳው ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ በተገጠመ ጣሳ ነበር፤ በአገሬው በዲቬሂ ቋንቋ «ዳኒ» ይባላል። ጣሳው ከውኃው ፊት ብቻ ይጨልፋል፣ ታችኛውን አይነካም። ስለ ማልዲቭስ ከተሞች ሳስብ ሁልጊዜ ከዚህች ጣሳ እነሣለሁ። በእሷና በኋላ በመጣው የኤሌክትሪክ ፓምፕ መካከል ያለውን ልዩነት የገባው ሰው፣ ከተሞቹ ላይ የደረሰውን አብዛኛውን ነገር ይገባዋል። (ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የማልዲቭስ ደሴቶች ከመርጃን፣ ኮራል ከምንለው ማለት ነው፣ ፍርፋሪ የተከመሩ አሸዋዎች ናቸው። ወንዝ የለም። ተራራ የለም፤ አብዛኛው መሬት ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ ከሁለት ሜትር በታች ነው። ዝናቡ ሲዘንብ በአሸዋው ውስጥ ይሰርግና ከሥር ሞልቶ የሚጠብቀውን የባሕር ውኃ ያገኘዋል። የባሕር ውኃ ከባድ ነው፤ አንድ ሊትሩ ከንጹሕ ውኃ በ25 ግራም ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ዝናቡ ላዩ ላይ ተንሳፍፎ ይቀመጣል፤ በደሴቲቱ መሐል ወፈር፣ ወደ ዳር ሳሳ ብሎ፣ ልክ የምስር ፍሬ ቅርጽ ይዞ። ሒሳቡ 1 ለ40 ነው። የጉድጓዱ ውኃ ከባሕር ወለል 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከታየ፣ ከባሕር ወለል በታች ደግሞ እስከ 4 ሜትር የሚደርስ ንጹሕ ውኃ አለ ማለት ነው። በተግባር ከዚያ ያንሳል፤ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት በየቀኑ ከሥር ይንጠዋልና።

ይኸው ሒሳብ ወደ ኋላም ይሠራል፤ ጉዳቱም እዚያ ላይ ነው። ፓምፕ የውኃውን ፊት 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካደረገው፣ ከሥር ያለው ጨዋማ ውኃ ወደ 4 ሜትር ሽቅብ ሊነሣ ይችላል። በጉድጓዱ ሥር እንደ ጉልላት ተቆልሎ ይወጣና ፓምፑ ጨው መሳብ ይጀምራል። ያኔ ፓምፑን ማጥፋት ብቻውን ምንም አይመልስም። በአሸዋው መሐል የቀረውን ጨው የሚያጥበው ዝናብ ነው፤ እሱም ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። ዳኒ ግን በቀን ስንት ጊዜ ብትወርድ የምታወጣው የክንድን አቅም ያህል ነው፤ የምትጨልፈውም ከላይ ከላዩ። ድሮ የነበሩት ሰዎች ይህን በሒሳብ አላወቁት ይሆናል። መሣሪያቸው ግን ለደሴቲቱ የተለካ ነበር።

ከጉድጓዱ አጠገብ «ጊፊሊ» የሚባል ጣሪያ የሌለው፣ በግንብ ወይም በአጥር የተከለለ ጓሮ ነበር፤ መታጠቢያውም መጸዳጃውም እዚያው ነው፤ ቆሻሻው አሸዋ ውስጥ ይቀበራል። ጥቂት ሰው ባለበት ደሴት አሸዋው ራሱ ያጣራዋል። ሰው ሲበዛ ግን በጉድጓዱና በጊፊሊው መካከል ያለው ጥቂት ሜትር አሸዋ አይበቃም። በ1978 ኮሌራ የአገሪቱን ደሴቶች አዳረሰ። በ1980ዎቹ ማሌ ውስጥ የፍሳሽ መስመር ተዘረጋ፤ ፍሳሹም ወደ ባሕር እንዲወጣ ሆነ። ለጤና ትክክለኛው ውሳኔ ይህ ነበር፣ እኔም አልነቅፈውም። ሆኖም አንድም ሰው ትኩረት ያልሰጠው ነገር ተከተለ፤ ድሮ ከጉድጓድ የተቀዳው ውኃ ታጥበውበት ተመልሶ አሸዋው ውስጥ ይገባ ነበር። አሁን ከጉድጓድ ወጥቶ በቱቦ ወደ ባሕር ሄደ። መውጫው ሰፋ፣ መግቢያው ጠበበ። ከላይ መንገዱ በኮንክሪት ንጣፍ ሲሸፈን ዝናቡም መግቢያ አጣ። የማሌ የምድር ውኃ ከዚያ ወዲህ ለመጠጥ አልሆነም።

ዛሬ የከተማዋ ቧንቧ የሚሰጠው የባሕር ውኃ ነው፣ ጨው ወጥቶለት። አሠራሩን ደረጃ በደረጃ ማየት ይጠቅማል፤ የት ላይ እንደሚሰበር የሚታወቀው በዚያ ነውና። ውኃው ብዙ ጊዜ በቀጥታ ከባሕር ሳይሆን ባሕር ዳር ከተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ ይሳባል፤ የመርጃኑ አሸዋ የመጀመሪያ ማጣሪያ ሆኖ ያገለግላል። ቀጥሎ በደቃቅ ማጣሪያ ያልፋል። ከዚያ ከፍተኛ ግፊት ያለው ፓምፕ ከ55 እስከ 65 ባር በሚደርስ ኃይል እየገፋ በስስ ሽፋን ውስጥ ያሳልፈዋል። የአንድ የቤት መኪና ጎማ ግፊት 2 ባር ገደማ መሆኑን አስቡት፤ ይህ ሠላሳ እጥፍ ያህል ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ ሽፋኑ ጨውን አስቀርቶ ውኃውን ያሳልፋል። ከገባው ውስጥ የሚጠጣ ሆኖ የሚወጣው ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ 100 ሊትር ገብቶ 35 ወይም 40 ሊትር ቢወጣ ነው። የተረፈው ጨውነቱ በርትቶ ወደ ባሕር ይመለሳል። በመጨረሻ፣ ጣዕም እንዲኖረውና ቧንቧውን እንዳይበላ ትንሽ ማዕድን ይጨመርለታል፣ ክሎሪንም እንዲሁ።

ሥራው ኤሌክትሪክ ይበላል። ለአንድ ሜትር ኩብ፣ ማለትም ለ1,000 ሊትር፣ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ጀነሬተር አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለማመንጨት ሩብ ሊትር ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ናፍጣ ያቃጥላል። ስለዚህ ለ1,000 ሊትር ውኃ 1 ሊትር ያህል ናፍጣ ይነድዳል። ናፍጣው በመርከብ ከውጭ ይመጣል። ድሮ ከሰማይ ወርዶ በአሸዋ ውስጥ ይቀመጥ የነበረው ውኃ፣ አሁን ከመርከብ ተራግፎ በሞተር ነድዶ ነው ጣሳ ውስጥ የሚገባው።

ታኅሣሥ 4 ቀን 2014 ማሌ ውስጥ ውኃ በሚጣራበት ቦታ እሳት ተነሣ። እሳቱ የነካው ሽፋኖቹን ሳይሆን ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ክፍል ነበር። ከተማዋ በሙሉ ውኃ አጣች፤ ከ100,000 በላይ ሰው። ሱቆች ውስጥ የታሸገ ውኃ በሰዓታት ውስጥ አለቀ። ህንድ በአውሮፕላንና በባሕር ኃይል መርከብ ውኃ አመጣች፣ ሌሎች አገሮችም እንዲሁ። በእኔ እምነት የዚያ ቀን ችግር እሳቱ ሳይሆን ክምችቱ ነበር። የተጣራው ውኃ በዚያው ቀን ያልቅ ነበር፤ ሁሉም ማጣሪያዎች አንድ ቦታ ነበሩ፤ ሁሉም ከአንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ይመገቡ ነበር። ከእንዲህ ያለ ነገር የሚያድነው ሌላ ማጣሪያ መግዛት ብቻ አይደለም፤ የብዙ ቀን ፍጆታ የሚይዝ ታንከር፣ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ሁለተኛ ማጣሪያ፣ በየቤቱ ጣሪያ ሥር ደግሞ የዝናብ ውኃ ሮቶ ነው።

ስለ ሮቶ ትንሽ ልቆይ፤ በውጭ ደሴቶች ሕይወት የሚተርፈው በእሱ ነው። በማሌ አካባቢ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይዘንባል፤ ችግሩ ከጥር እስከ ሚያዝያ ያለው ደረቅ ወቅት ነው። 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 100 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 5,000 ሊትር ነው፤ በትነትና በመፍሰስ አንድ አምስተኛው ቢጠፋ 4,000 ሊትር ይቀራል። አምስት ሰው ያለበት ቤት ለመጠጥና ለወጥ ብቻ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 8 ሊትር ቢመድብ 100 ቀን ያደርሰዋል። ስሌቱ ይሠራል፤ የሚያከሽፉት ግን ትናንሽ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ መጣል አለበት፤ ለዚህ ከአሸንዳው ሥር ለብቻው የሚሞላ ቱቦ ይተከላል። ክዳኑና የትርፍ ውኃ መውጫው በወንፊት ካልተሸፈነ የደንጊ ትንኝ ይራባበታል። ቧንቧው ከሮቶው ወለል ጥቂት ከፍ ብሎ መግባት አለበት፣ ዝቃጩ እንዳይወጣ። ሮቶ የሚቆመው ደግሞ በተደለደለ መሠረት ላይ ነው፤ 2,500 ሊትር ሁለት ተኩል ቶን ነው፣ አሸዋ ላይ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ይዘምና ቧንቧውን ይሰብረዋል።

ከውኃው ወደ መሬቱ ልሂድ። ማሌ ሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ናት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ከአገሪቱ ነዋሪ ከአሥሩ አራቱ ያህል የሚኖረው በዚህችና በአጠገቧ ባሉት ደሴቶች ነው። ቦታ ሲጠብ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ በደቡብና በምዕራብ በኩል ባሕሩ ተሞላ፤ መሬቱ ሪፍ እስከሚባለው የመርጃን ግንብ ጠርዝ ድረስ ተገፋ። በእኔ ግምት በማሌ ታሪክ ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። ሪፍ ሰፊና ጥልቀት የሌለው መድረክ ነው። ከጥልቅ ባሕር የመጣ ሞገድ መድረኩ ጠርዝ ላይ ይሰበራል፣ ከዚያ በመድረኩ ስፋት ላይ ሲንከባለል ጉልበቱን ይጨርሳል። መድረኩን በአሸዋ ሞልቶ ቤት የሠራ ሰው፣ ቤቱን ሞገዱ በሚሰበርበት ቦታ ላይ ሠራ። በሚያዝያ 1987 ከሩቅ ደቡብ ተነሥቶ የመጣ ታላቅ ሞገድ ከዚያ ከተሞላው መሬት የተወሰነውን ጠራርጎ ወሰደ፣ አውሮፕላን ማረፊያውንም አጥለቀለቀ።

ከዚያ በኋላ በጃፓን ዕርዳታ ደሴቲቱ ዙሪያዋን ታጠረች፤ ሥራው እስከ 2002 ቀጠለ። በደቡብ በኩል የሚታዩት አራት እግር ያላቸው የኮንክሪት ብሎኬቶች ቴትራፖድ ይባላሉ። ጥቅማቸው ክብደታቸው ብቻ አይደለም፤ እግራቸው እርስ በርሱ ይቆላለፋል፣ በመካከላቸውም ብዙ ክፍተት ይቀራል። ሞገዱ ክፍተቱ ውስጥ ገብቶ እየተከፋፈለ ይደክማል። ድፍን ግንብ ቢሆን ኖሮ ሞገዱን መልሶ ይገፋዋል፤ ተመላሹ ሞገድም ከግንቡ እግር ሥር አሸዋውን ይቆፍራል፣ ግንቡም አንድ ቀን ወደ ፊት ይዘማል። በታኅሣሥ 26 ቀን 2004 ሱናሚ ሲመጣ የማሌ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በውኃ ተጥለቀለቀ፤ ግን በሌሎች ደሴቶች የደረሰው ዓይነት ጥፋት አልደረሰባትም። በአገሪቱ በሙሉ የሞቱትና የጠፉት ከ100 በላይ ነበሩ። ግንቡ ረድቷል፤ ደሴቶቹ ከጥልቅ ባሕር እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው የቆሙ በመሆናቸውም ሞገዱ እንደሌሎች አገሮች ዳርቻ ከፍ ብሎ ለመቆለል ቦታ አላገኘም።

ለግንባታ የዋለው ድንጋይ ራሱ የዚህ ታሪክ አካል ነው። በ1658 የተሠራው የማሌ አሮጌው የጁምዓ መስጊድ ግድግዳው በሙሉ የተጠረበ መርጃን ነው። መርጃን በሕይወት ሳለ ከባሕር ሲወጣ ለመጥረብ የሚመች ለስላሳ ነው፤ አየር ላይ ሲደርቅ ይጠነክራል። ድንጋዮቹ ያለ ማጣበቂያ እርስ በርስ ተገጣጥመው ቆመዋል፣ ጠራቢዎቹም በላያቸው ላይ ሐረግና ጽሑፍ ፈልፍለውባቸዋል። ለአንድ መስጊድ የወጣው ድንጋይ ሪፉን አልጎዳውም። በሃያኛው መቶ ዘመን ግን ሁሉም ቤት በመርጃን ድንጋይ መሠራት ሲጀምር፣ ከጥልቀት አልባው ባሕር እየተነቀለ የወጣው ድንጋይ ሞገድ ሰባሪ የነበረው ራሱ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሕግ ወጥቶ ተገደበ፤ ከዚያ ወዲህ ቤት የሚሠራው በኮንክሪት ነው።

ኮንክሪቱም የራሱ ጣጣ አለው። ከባሕር ዳር የተዛቀ አሸዋ ጨው አለው፤ የጉድጓዱም ውኃ ጨው አለው። በእነዚህ የተቦካ ኮንክሪት ውስጥ ያለ ፌሮ ይዝጋል። ዝገት ከብረቱ ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ምልክቱ በመጀመሪያ በበረንዳው ሥር በፌሮው መስመር ላይ የሚታይ ቡናማ ጭረት ነው፤ ቀጥሎ በመዶሻ ሲነካ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ ከዚያ ይወድቃል። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ከውጭ የመጣ የወንዝ አሸዋ፣ የቧንቧ ውኃ፣ ፌሮው ላይ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ የኮንክሪት ሽፋን። ሦስቱም ገንዘብ ይፈልጋሉ፣ በመጀመሪያ የሚቆረጠውም ሽፋኑ ነው። ለመሠረት መቆፈርም ቀላል አይደለም። ውኃው ቅርብ ስለሆነ ጉድጓዱ ቀንና ሌሊት በፓምፕ ይደርቃል፤ ያኔ በጎረቤት ቤት ሥር ያለው ውኃም አብሮ ይወርዳል፣ አሸዋው ይሰምጣል፣ የጎረቤት ግድግዳ ይሰነጠቃል። ዙሪያውን በብረት ሉህ ሳያጥሩ መቆፈር በሰው ቤት መፍረድ ነው።

ማሌ ከሞላች በኋላ አዲስ ከተማ ከባሕር ተሠራ፤ ሁልሁማሌ። ሥራው በ1997 ተጀመረ፣ በ2004 ሰው ገባበት፣ ሁለተኛው ክፍል በ2015 ተሞላ። ሁለቱ ተደምረው ከ400 ሄክታር በላይ ናቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ በሚሞላው ቦታ ዙሪያ የአሸዋ ክትር ይሠራል። መጣጭ መርከብ በአቅራቢያ ካለው ጥልቀት አልባ ባሕር አሸዋውን ከውኃ ጋር ይስባል፤ በቱቦ ከሚመጣው አብዛኛው ውኃ ነው። ክትሩ ውስጥ አሸዋው ይዘቅጣል፣ ውኃው በአንድ በር ይወጣል። ከዚያ በዶዘር ይደለደላል፣ ይጠቀጠቃል። ሁልሁማሌ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2 ሜትር ከፍ ተደርጋ የተሠራችው ከማሌ ትምህርት ተወስዶ ነው። ባሕሩ ዳር መጀመሪያ እንደ ጨርቅ ያለ ማጣሪያ ይነጠፋል፣ በላዩ ትናንሽ ድንጋይ፣ ከዚያ ትላልቁ። ጨርቁ ከተቀደደ ወይም መጋጠሚያው በቂ ካልተደራረበ፣ እያንዳንዱ ሞገድ በድንጋዮቹ መካከል እፍኝ አሸዋ ይዞ ይወጣል። ከውጭ ግንቡ ደህና ይመስላል፤ ከኋላው ግን መሬቱ እየጎደጎደ ይመጣል፣ አንድ ቀን የእግረኛው መንገድ ይሰምጣል። ከውኃው ጋር የሚወጣው ደቃቅ ነጭ ጭቃ ደግሞ በመጋረጃ ካልታገደ በአጠገቡ ባለው ሕያው መርጃን ላይ አርፎ ይደፍነዋል። መርጃን ብርሃን ካላገኘ ይሞታል፤ የሞተ ሪፍ ደግሞ አያድግም፣ ሞገድ መስበሩንም ቀስ በቀስ ይተዋል። አንድን ከተማ ለመሥራት የሌላውን አጥር ማፍረስ ማለት ነው፤ ይህን እያወቅን ሥራው ሲፈጥን ማየት ያሳዝነኛል።

ማሌንና ሁልሁማሌን በ2018 የተከፈተው ድልድይ አገናኛቸው፣ በአውሮፕላን ማረፊያው ደሴት በሁልሁሌ በኩል። ቆሻሻው በምዕራብ ወዳለችው ወደ ቲላፉሺ ይሄዳል፤ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በቆሻሻ የተሞላች ደሴት ናት፣ ከምዕራብ ሲነፍስ ጭሷ ማሌ ላይ ይወድቅ ነበር። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የሠራተኞች መኖሪያ ነው። በኅዳር 2022 ማሌ ውስጥ ምድር ቤቱ ጋራዥ፣ ፎቁ የሠራተኞች መኝታ በሆነ ሕንፃ ላይ እሳት ተነሥቶ 10 የውጭ አገር ሠራተኞች ሞቱ። ነዳጅ ያለበት ጋራዥ ከመኝታ ሥር መሆን አልነበረበትም። ከተማዋን የሚገነቡት እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ ሁለተኛ መውጫ ያለው መኝታ መጠየቅ ትርፍ ጥያቄ አይደለም።

ሌሎቹ ከተሞች ከማሌ ይለያሉ። በደቡብ ጫፍ ያለችው አዱ፣ እንግሊዞች በጋን ደሴት የአየር ኃይል ጦር ሰፈር በነበራቸው ጊዜ በደሴቶቿ መካከል ባሕሩን ሞልቶ በተሠራ መንገድ የተያያዘች ናት፤ እስከ ሂታዱ ያለው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለሰው ምቹ ነው፣ ለባሕሩ ግን አልተመቸም። በደሴት መካከል ያለ መተላለፊያ በሙላትና በጉድለት ጊዜ ውኃ የሚያድስ ደም ሥር ነው፤ በድፍን አፈር ሲዘጋ ውስጡ ያለው ውኃ ይሞቃል፣ ይቆማል። እንዲህ ያለ መንገድ ሲሠራ ድልድዩ እንደ ወጪ መታየት የለበትም። ፉቫሙላ ደግሞ ለብቻዋ የቆመች ደሴት ናት፤ ጥቁር አፈርና ሁለት የጣፋጭ ውኃ ሐይቆች አሏት፣ ጎደሬና ማንጎ ይበቅልባታል። የጎደላት ነገር ወደብ ነበር፣ ዙሪያዋን ሞገዱ በቀጥታ ያገኛታልና። በሰሜን ያለችው ኩልሁዱፉሺ የኮኮናት ልጥ ገመድ በሚሠሩ ሴቶቿ የታወቀች ናት፤ ልጡን የሚቀብሩበት የማንግሮቭ፣ ጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ ነው፣ ረግረግ ከፊሉ ለአውሮፕላን ማረፊያ ተሞላ። ልጡ ጭቃ ውስጥ ወራት ካልከረመ አይለሰልስም፣ በዱላ ሲመታም ቃጫው ይሰበራል።

ሁልሁማሌ ላይ አሁንም ያልተበላሸ ነገር አለ። ከባሕር የመጣ አሸዋ መጀመሪያ ጨው የሞላበት ነው፤ ዝናብ ዓመት በዓመት እያጠበው ሲሄድ ከሥሩ አዲስ የምስር ቅርጽ ያለው ንጹሕ ውኃ ይፈጠራል። የሚያድገው ግን ዝናቡ መሬት ሲገባ ብቻ ነው። የጣሪያ ውኃ በቱቦ ወደ ባሕር ከተላከ አይፈጠርም። ለአንድ ሕንፃ የሚያስፈልገው ቀላል ነገር ነው፦ አንድ ሜትር ወርድ ያለው የኮንክሪት ቀለበት ጉድጓድ፣ ከሥሩ ክፍት፣ ግማሽ ሜትር ጠጠር የተሞላ፣ በመግቢያው ቅጠልና ዘይት የሚይዝ ትንሽ ሣጥን ያለው። ወለሉ ከምድር ውኃው በላይ መሆን አለበት፤ ከፍሳሽ መስመር ይራቅ፤ ሣጥኑ ከዝናቡ ወቅት በፊት ይጠረግ፣ ካልተጠረገ በአንድ ክረምት ይደፈናል። ውጤቱን ለማየት የእጅ መለኪያ ይበቃል። ውኃ ጨው በበዛበት ቁጥር ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ የባሕር ውኃ አስተላላፊነቱ በሳንቲ ሜትር 50,000 ማይክሮሲመንስ ያህል ነው፤ የዝናብ ከ100 በታች። ከጉድጓዱ ጎን በተተከለ ቀጭን ቱቦ ውስጥ መለኪያው በየወሩ ወርዶ ቁጥሩ ይጻፋል፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ጥልቀትና በባሕሩ ጉድለት ሰዓት። ቁጥሩ ከ2,500 ሲወርድ ውኃው ለአትክልትና ለእጥበት ይሆናል። ያኔም ቢሆን የሚቀዳው በዝግታ፣ ከላይ ከላዩ ነው።